ያውቁ ኖሯል? ፈንክሽን ከፓይተን ወደ ሲ ሲሻገር

• የቦሌ ኤርፖርት ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። በመደበኛው የከባቢ አየር ቀመር ሲሰላ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቦሌ ላይ የተጣደ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህን ቁጥር በፓይተን ማውጣት የፈለገ ተማሪ የውሃውን የእንፋሎት ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር የሚያነጻጽር አጭር ፈንክሽን ይጽፍና ሳይፓይ በተባለው የፓይተን የሳይንስ ላይብረሪ ውስጥ ላለው «ብሬንትኪው» ያስረክባል። ሁለቱ ግፊቶች እኩል የሚሆኑበትን ሙቀት የሚፈልገው ብሬንትኪው ግን የተጻፈው በሲ ቋንቋ ነው። ተማሪው ሳያስተውለው ሲ የእርሱን የፓይተን ፈንክሽን ደጋግሞ እየጠራ መልሱን ያወጣለታል።

• የብሬንትኪው ዘዴ የሪቻርድ ብሬንት ነው፤ ዘዴውን የያዘው መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው።

• ፈንክሽን ለሲ ሲሰጥ የሚተላለፈው ሜሞሪ ላይ ያለበት አድራሻ ነው። ስልክ ላይ እንደሚላክ «መልሰህ ደውልልኝ» መልእክት፣ ሲ ቁጥሩን ይይዝና ሲፈልግ ይደውላል።

• ፓይተን 3 የአማርኛ ስም ይቀበላል። ፈንክሽንዎን «ግፊት» ቢሉት ስሙ በዩቲኤፍ-8 9 ባይት ይወስዳል፤ በ64 ቢት ኮምፒውተር አንድ አድራሻ ግን 8 ባይት ብቻ ነው።

• አድራሻው ብቻውን አይበቃም። የተማሪው ፈንክሽን የቦሌን ከፍታ ከውጭ ካለ ተለዋዋጭ ይወስዳል፤ የሲ ፖይንተር (አድራሻው) ግን ይህን አብሮ አይሸከምም። የሲ የራሱ የመደርደሪያ ፈንክሽን «ኪውሶርት» ለተጨማሪ መረጃ ቦታ የለውም። ጂኤስኤል የተባለው የሲ የሳይንስ ላይብረሪ ደራሲዎች ከፈንክሽኑ ጎን የመረጃውን ፖይንተር አብረው ማስያዛቸው የሚያስመሰግን ነው።

• ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት የሚፈጠረው ፓይተንን ከሲ ጋር በሚያገናኘው በሲታይፕስ ነው። ፓይተን ማንም የማይጠቅሰውን ነገር ከሜሞሪ ጠርጎ ያስወጣል። ሲ አድራሻውን መያዙን ግን ፓይተን አያውቅም። ፈንክሽኑን የጠቀለለው ነገር በተለዋዋጭ ካልተያዘ ይጠፋል፤ ሲ በኋላ ሲጠራው ባዶ ቤት ያገኛል፣ ፕሮግራሙም ያለ ምንም ማብራሪያ ይወድቃል። አንዳንዴ ደግሞ ወዲያው አይወድቅም፤ አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው አንድ መስመር ነው፦ ሲ ሥራውን እስኪጨርስ ተለዋዋጩን አይልቀቁ።

• በሒሳብ ሶፍትዌሩ ማትላብ ውስጥ የተጠራው ፈንክሽን ስሕተት ከገጠመው፣ ጠሪው የሲ ኮድ (ሜክስ) እዚያው ይቋረጣል። በማትላብ መንገድ የተወሰደ ሜሞሪ ይመለሳል፤ በተራ የሲ «ማሎክ» የተወሰደው ግን ፈስሶ ይቀራል።

• ከሲ ወደ ፓይተን የሚደረግ እያንዳንዱ ጥሪ ጊዜ ይበላል። ለሚሊዮን ጥሪ ጉዳቱ ትልቅ ነው። ሳይፓይ እ.ኤ.አ. በ2017 ኮምፓይል የተደረገ ፈንክሽን ፓይተንን ሳይነካ በቀጥታ ወደ አንዳንድ ክፍሎቹ የሚተላለፍበትን ወጥ በር ከፈተ።

• አዲስ አበባ የሚገኘው አይኮግ ላብስ የሠራበት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሶፍትዌር ኦፕንኮግም ወደ ፓይተን ይደውላል፦ ዋናው አካል በሲ ፕላስ ፕላስ ተጽፎ የፓይተን ፈንክሽኖችን በስማቸው ይጠራል።

• ማትላብን የሚመስለው ኦክቴቭ ነፃ ነው። ለማትላብ የተጻፉ ብዙ የሜክስ ፋይሎችም «ኤምኬኦክትፋይል» በተባለው ትእዛዝ ይሠሩበታል። የማትላብ ፈቃድ መግዣ የሌላችሁ የቦሌ፣ የገርጂና የጎሮ ተማሪዎች፣ ከዚህ ጀምሩ።