ዳገት ያቃታት ዲኤክስ

የገና ሰሞን ቤተሰቡን ይዘን ወደ ደብረ ብርሃን ስንጓዝ መሪውን የያዘው የ20 ዓመቱ ልጄ ነበር። እኔ ከጎኑ፣ እናቴና ባለቤቴ ከትንሿ ልጃችን ጋር ከኋላ ተቀምጠናል። ሸኖን እንዳለፍን አንድ ጭነት የበዛበት አይሱዙ ከፊታችን ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል። ልጄ መንገዱ ነጻ መሆኑን አይቶ ሊቀድም ወጣ። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጠው፤ መኪናዋ ግን ድምጿን ከመጨመር በቀር ወደፊት አልሄድ አለች። ከአይሱዙው ጎን እንደተሰለፍን ከላይ ሚኒባስ ብቅ አለ። ልጄ ፍሬን ይዞ እንደምንም ወደ ኋላ ተመለሰ። ሚኒባሱ ጥሩምባውን እየነፋ በአጠገባችን አለፈ። እናቴ አማተበች፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ደቂቃ ቃል የተነፈሰ አልነበረም።

ማታ ልጄ ለብቻዬ ጠርቶኝ «አባዬ፣ ለዚህች መኪና ጉልበት ካልጨመርንላት አንድ ቀን ትጨርሰናለች» አለኝ። ሐሳቡንም አዘጋጅቶ ነበር። ትልቅ ካርቡራተር መግጠም፣ የአየር ፊልትሮውን ማውጣት፣ ማርሚታውን መክፈት። እኔ የመጣልኝ መልስ «አርፈህ ተቀመጥ» የሚል ነበር። መኪናዋ የአባቴ ናት። 1,290 ሲሲ ሞተር ያላት ኮሮላ ዲኤክስ፤ እኔንና እህቶቼን ትምህርት ቤት ያመላለሰች። ነገር ግን ልጄ ያነሳው የፈጣን መኪና አምሮት ሳይሆን የእናቴን ማማተብ ነበርና ዝም ማለት አልቻልኩም። ዕድሜውን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ያሳለፉ ጡረታ የወጡ ጎረቤት አሉን፤ አብረን ሄድን።

ጎረቤታችን የልጄን ሐሳብ እስከ መጨረሻው አዳመጡትና «ልጄ፣ ሞተር እንደ ሰው ነው፤ በትንፋሹ ነው የሚሠራው» ብለው ጀመሩ። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየር የሚገፋለት የለም፤ ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ ራሱ የሳበውን ብቻ ነው የሚያገኘው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ደግሞ አየሩ ይሳሳል። በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ጉልበት ይቀንሳል። ባሕር ጠረፍ ላይ 60 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር፣ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ 46 ያህል ይቀረዋል፤ 2,800 ሜትር ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ደግሞ 43። አምስት ሰው የጫነች መኪና በዚህ ጉልበት ነው አይሱዙ ልትቀድም የወጣችው። አዳማ ስንወርድ መኪናዋ ለምን «ደስ እንደሚላት» ያን ቀን ገባኝ።

ልጄ ያሰባቸውንም አንድ በአንድ አነሱለት። ትልቅ ካርቡራተር የሞተሩን ሆድ አያሰፋም፤ እንዲያውም በዝቅተኛ ዙር አየርና ነዳጁ በደንብ ስለማይቀላቀል ዳገት ላይ ይበልጥ ያደክማታል። ፊልትሮውን ማውጣት የከተማችንን አቧራ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ መጨመር ነው። ማርሚታ መክፈት በዚህች ትንሽ ሞተር ላይ ከጉልበት ይልቅ ጩኸት ነው የሚጨምረው። ቴስታታውን ማስላጨት እውነተኛ ጉልበት ይሰጣል፤ ግን ወደ አዋሽ ሙቀትና ወፍራም አየር ስትወርድ ሞተሩ ማንኳኳት ሊጀምር ይችላል። «መጀመሪያ የጠፋውን ጉልበት እንፈልግ፤ አዲስ የምንጨምረው ከዚያ በኋላ ነው» አሉ።

ቅዳሜ ማለዳ ግቢያችን ውስጥ ሥራ ተጀመረ። በመጀመሪያ አራቱም ሲሊንደሮች ኮምፕሬሽናቸው ተለካ። ከፍታው ቁጥሩን ዝቅ ስለሚያደርገው ዋናው ነገር አራቱ መቀራረባቸው ነው። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ካነሰ ጥቂት ዘይት ጠብ ተደርጎበት እንደገና ይለካል፤ ከፍ ካለ ችግሩ የፒስተን ፋሻ፣ ካላለ ደግሞ ቫልቭ ወይም ጋርኒሲዮን ነው። የእኛዎቹ ተቀራራቢ ሆኑ። ሞተር ማስወረድ አያስፈልግም ማለት ነው፤ በልቤ ተመስገን አልኩ።

ቀጥሎ ካንዴላዎቹ ወጡ። አራቱም እንደ ከሰል ጠቁረዋል። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ የሚሰጠው ነዳጅ ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር ይበዛል፤ ትርፉ ጭስ፣ የቤንዚን ወጪና ድካም ነው። ነዳጅ የምታልፍባት የነሐስ ቀዳዳ በጠባብ ተቀየረች። ፑንቲናውና የቫልቮቹ ክፍተት ተስተካከሉ። መካኒኮች ታይሚንግ የሚሉት፣ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ፣ ትንሽ ቀደም ተደረገ፤ ከፍታ ላይ ሞተሩ ቶሎ ስለማያንኳኳ ይህን ይችላል። ፊልትሮው አዲስ ገባ። የአየር ማስገቢያው ቱቦ ከጠፋ ቆይቶ ኖሮ ሞተሩ ከራሱ ሙቀት የጋለ አየር ይስብ ነበር። አየር በየ3 ዲግሪው 1 በመቶ ገደማ ይሳሳልና ቱቦው ከፊት ቀዝቃዛ አየር እንዲስብ ተደርጎ ተመለሰ።

ከዚያ ጎረቤታችን ልጄን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው «እስከ መጨረሻው ርገጥ» አሉትና ካርቡራተሩን በባትሪ አዩ። ሳቁ። እኔንም ጠሩኝ። ሙሉ በሙሉ መከፈት የነበረበት ክዳን ከሦስት አራተኛው አልፎ አልተከፈተም! ምክንያቱ ገመዱ መላላቱና ከነዳጅ መርገጫው ስር የነበረው ወፍራም ምንጣፍ ነው። ምንጣፉን ያነጠፍኩት እኔው ነኝ፤ እግሬን እንዳይበርደኝ። ልጄ አየኝ፤ ምንም አላለም። እኔ ግን ይቅርታ ጠየቅሁት።

መጨረሻ ላይ መኪናዋ በክሪክ ተነስታ ጎማዎቹ በእጅ ተሽከረከሩ። የፊት ግራው አልዞር አለ፤ ፍሬኑ ይዞታል። ለስንት ጊዜ ፍሬን ይዘን እየነዳን ኖሯል! ለትልቁ ካርቡራተር ልጄ ያጠራቀማት ገንዘብ ለፍሬኑ ዋለች። ጎረቤታችን «መቆም የማትችል መኪና መሮጥ የለባትም» ብለው አጸደቁት።

እውነቱን ለመናገር ዲኤክሷ አዲስ መኪና አልሆነችም። ከፍታው የወሰደውን ማንም አልመለሰላትም። ግን በፋሲካ ያንኑ መንገድ ስንወጣ፣ ያን ጊዜ በሁለተኛ ማርሽ ያቃሰተችበትን ዳገት በሦስተኛ ወጣችው።

አሮጌ መኪና ያላችሁ ወላጆች ልጃችሁ «ጉልበት እንጨምር» ሲላችሁ እንደ እኔ ለመቆጣት አትቸኩሉ። ቅዳሜያችሁን ስጡት። ኮምፕሬሽን አስለኩ፣ ካንዴላና ፊልትሮ እዩ፣ ነዳጁ ተረግጦ ካርቡራተሩ እስከ መጨረሻ መከፈቱን አረጋግጡ፣ ጎማዎቹን በእጃችሁ አዙሩ። ገንዘብ የሚበሉ ዕቃዎች ከዚህ በኋላ ይታሰባሉ።

ያን ቀን ሸኖን እንዳለፍን ከፊታችን እንደገና የጫነ መኪና ገጠመን። ልጄ ራቅ ብሎ ተከተለው። እናቴ ከኋላ «አሁንስ ጉልበት አላት አላላችሁም እንዴ፤ ምነው የማትቀድመው?» አለችው።

«አላት እማማ» አላት ከመንገዱ ዓይኑን ሳያነሳ፤ «ግን ከዳገቱ ማዶ ያለው አይታየኝም።»