የደም ምርመራና የሳንባ ካንሰር፤ ምስክሩ ምን ያህል ይታመናል?

«አንድ ብልቃጥ ደም ከሰጡ የሳንባ ካንሰር እንዳለብዎ ይታወቃል» የሚለው ወሬ ከተማችን ከገባ ሰንብቷል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የተማርኩት ሕግ ነው። ሆኖም የምስክር ቃል ሲመዘን ብዙ ዓመት ያየሁ በመሆኔ፣ ይህ የደም ምስክርነት እስከ ምን እንደሚያስኬድ ለማጣራት ጥናቶቹን አገላበጥኩ።

ነገሩ የተፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። የሳንባ ካንሰር ዝምተኛ ነው። ሳሉ ሲበረታ፣ ደም ሲታይ፣ ክብደት ሲቀንስ ብዙውን ጊዜ በሽታው ተሰራጭቷል። በአሜሪካ መረጃ መሠረት ከሳንባ ሳይወጣ ከተደረሰባቸው ሕመምተኞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል ከዘለቀ በኋላ ከታወቀባቸው ግን ይህን ዕድሜ የሚያገኙት 10 በመቶ አይሞሉም።

ደም ውስጥ የሚፈለገው ማስረጃ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሰውነት ዕጢውን ሲቃወም የሚያመርታቸው አንቲቦዲዎች ናቸው። ሌላው የዕጢው ሕዋሳት ሲሞቱ ወደ ደም የሚጥሉት የዲኤንኤ ቁርጥራጭ ነው። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ገና ጀማሪ የሆነ ትንሽ ዕጢ የሚጥለው እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ በተቀዳው ብልቃጥ ውስጥ አንድም ላይገኝ ይችላል። በዚያ ላይ ዕድሜ ሲገፋ ጤነኛ ነጭ የደም ሕዋሳትም የዘረመል ለውጥ ስለሚያፈሩ፣ ንጹሑ ወንጀለኛ መስሎ የሚታይበት ጊዜ አለ።

እ.ኤ.አ. በ2021 በ949 ዶላር ለአሜሪካ ገበያ የቀረበውን «ጋለሪ» የተባለ ምርመራ እንውሰድ። ከ50 በላይ የካንሰር ዓይነቶችን ይፈልጋል ይባልለታል። በዚያው ዓመት የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ካንሰር ከሌለባቸው 200 ሰዎች በስህተት የሚከሰው አንዱን ያህል ብቻ ነው። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ሁሉም የካንሰር ዓይነቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ በአራተኛ ደረጃ ላይ ካሉት 90 በመቶውን ሲይዝ በአንደኛ ደረጃ ካሉት የያዘው 17 በመቶ ያህሉን ነው። አጥብቀን የምንፈልገው ቦታ ላይ ነው የሚደክመው።

ይበልጥ ያስተማረኝ ግን የስኮትላንዱ ሙከራ ነው። በአብዛኛው ብዙ ያጨሱ፣ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 75 የሆኑ 12,208 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። የአንደኛው ወገን ደም ለአንቲቦዲ ተመረመረ፤ ሌላው በተለመደው አሠራር ቀጠለ። ከተመረመሩት 598ቱ «ጥርጣሬ አለ» ተባሉና በራጅና በሲቲ ስካን ሁለት ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። ከእነዚህ ካንሰር የተገኘባቸው 18 ብቻ ናቸው። በዚሁ ወገን በሁለቱ ዓመታት የታወቁት የሳንባ ካንሰሮች በጠቅላላ 56 ነበሩ። ስለዚህ 38ቱ የተገኙት ደማቸው ነጻ ካወጣቸው ሰዎች ዘንድ ነው! ይሁንና ምርመራው ከንቱ ነበር ማለት አይደለም። ዘግይቶ የተደረሰበት ካንሰር በተመረመሩት 33፣ ባልተመረመሩት 52 ነበር። በሞት ቁጥር ላይ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ አስተማማኝ ልዩነት አልታየም።

ሞትን እንደሚቀንስ በትልቅ ጥናት የተረጋገጠለት በአነስተኛ ጨረር የሚሠራው ሲቲ ስካን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ በሆነው፣ ከ53,000 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት፣ በሳንባ ካንሰር የሚደርሰውን ሞት ከደረት ራጅ ጋር ሲነጻጸር በ20 በመቶ ቀንሷል። እርሱም ቢሆን ብዙ ንጹሓንን ይከሳል፤ «አጠራጣሪ» ካላቸው ውጤቶች 96 በመቶው ካንሰር አልነበሩም።

ወደ አገራችን ስንመጣ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሃያ ዓመት ያጨሰ አንድ ባልደረባዬ፣ በአንድ የግል ክሊኒክ «የካንሰር ማርከር» ተመርምሮ «ኖርማል» የሚል ወረቀት ይዞ ዞረ። የተመረመረው ሲኢኤ የሚባለው ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን ካንሰር በሌለበት አጫሽ ደም ውስጥ ከፍ ሊል፣ ጀማሪ ካንሰር ባለበት ደግሞ ዝም ሊል ስለሚችል ለቅድመ ምርመራ አይመከርም። ዋነኛ ጥቅሙ ካንሰር መኖሩ የታወቀን ሰው ሕክምና መከታተል ነው። ባልደረባዬ ግን ወረቀቱን እንደ ነጻ መለቀቂያ ፍርድ ቆጥሮት ማጨሱን ቀጥሏል። ከገንዘቡ ይልቅ የሚቆጨኝ ይኸው ነው። ማጨስ ማቆም ለሳንባ ካንሰር የመጋለጥን ዕድል እንደሚቀንስ ክርክር የለበትም።

አሜሪካኖች ለሲቲ ስካን ሰው የሚመርጡት ዕድሜውንና ያጨሰውን ሲጋራ ቆጥረው ነው፤ ከ50 እስከ 80 ዓመት፣ ቢያንስ በቀን አንድ ፓኬት ለ20 ዓመት ያህል። ዕድሜዋን ሙሉ በማገዶ ጭስ ውስጥ ስታበስል የኖረች እናት በዚህ ቆጠራ ዜሮ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ግን የማገዶ ጭስን «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከሚላቸው መድቦታል።

ሌላው የቲቢ ጉዳይ ነው። የቲቢ ጠባሳ በሲቲ ስካን ላይ ዕጢ ሊመስል፣ ዕጢውም ቲቢ ተብሎ ወራት ሊባክን ይችላል። አክታው ላይ ቲቢ ሳይገኝ መድኃኒት የተጀመረለትና ሳሉ ያልተሻለው ሰው፣ በተለይ ካጨሰ፣ ሌላ የደም ምርመራ ከሚያሳድድ ይልቅ የሳንባ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ሲቲ ስካንና አስፈላጊ ከሆነም የናሙና ምርመራ ያስፈልገው እንደሆነ ይጠይቅ።