ከዊተንበርግ እስከ ሶዶ፦ የሃይማኖት ተሐድሶ በምን መንገድ ተስፋፋ?



የመስቀል በዓልና የወላይታ ሕዝብ ዘመን መለወጫ የሆነው ጊፋታ በመስከረም ወር ተቀራርበው ይውላሉ። በእነዚህ ቀናት በወላይታ ሶዶና በዙሪያዋ ርቆ የሄደ ሁሉ ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል፤ ቅዳሴ አስቀድሶ የመጣውና ከጸሎት ቤት የተመለሰው ወንድሙም ከአንድ ገበታ ይቀርባሉ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከወላይታ ዞን ነዋሪዎች ከመቶ 71 ያህሉ ፕሮቴስታንት፣ 21 ያህሉ ኦርቶዶክስ ነበሩ። ይህ ለምን ሆነ ተብሎ በቤታችን ሲጠየቅ አዘውትሮ የሚሰማው መልስ «ፈረንጅ በገንዘብ ወሰዳቸው» የሚል ነው። ይህን መልስ ከታሪኩ ጋር ስናመዛዝነው እጅግ ቀሎ እናገኘዋለን።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ አውሮፓ መሻገር ያስፈልጋል። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሮም ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ጴጥሮስን ታላቅ ሕንፃ ለማሠራት ገንዘብ ትሻ ስለነበር የኃጢአት ቅጣት ማቅለያ ደብዳቤ በጀርመን ምድር ይሸጥ ነበር። የዊተንበርጉ መነኩሴና መምህር ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1517 ይህን የሚነቅፉ 95 አናቅጽ አወጣ። ቅሬታው ግን አዲስ አልነበረም፤ ከእርሱ አስቀድሞ ያን ሁስ የቤተ ክህነቱን ብልሹነት በመንቀፉ ጭምር ተከሶ እ.ኤ.አ. በ1415 በእሳት ተቃጥሏል። ሉተርን ከዚህ ዕጣ ያዳነው የሳክሶኒው መስፍን ፍሬድሪክ ጥበቃ ነው። ከሌሎቹ መሳፍንት መካከልም ከእምነቱ ይልቅ የገዳማት ርስት ያጓጓቸው አልጠፉም። በዚያ ላይ ጉተንበርግ የሠራው የማተሚያ መሣሪያ ጽሑፉን ከከተማ ወደ ከተማ አደረሰው። ሉተር ሐዲስ ኪዳንን በ1522፣ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1534 በጀርመንኛ ሲያወጣ ደግሞ ላቲን የማይሰማው ገበሬና ጫማ ሰፊ ቃሉን በእናቱ ቋንቋ ሰማ። መለያየቱ ያስከተለው ደም ግን ብዙ ነው፤ ከ1618 እስከ 1648 የተካሄደው ጦርነት ብቻ ጀርመንን አራቁቷታል።

በዚያው በ1534 ከእኛ ወገን የሆኑ አንድ ዲያቆን ዊተንበርግ መድረሳቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ዲያቆን ሚካኤል ይባላሉ። ከሉተር ጋር በአስተርጓሚ ስለ ምሥጢረ ሥላሴና ስለ ቅዳሴ ሥርዓት ተወያይተው የተስማሙ ሲሆን፣ ሉተርም የድጋፍ ደብዳቤ ሰጥቶ አሰናብቷቸዋል። ቤተ ክርስቲያናችን እ.ኤ.አ. ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ ከሮም ተለይታ የኖረች በመሆኗ፣ ከጳጳሱ ሥልጣን ውጭ ጥንታዊ ክርስትና መኖሩን ለማሳየት ለሉተር ታላቅ ምስክር ነበረች። በእኛ አስተያየት ግን ስለ ሰባቱ ምሥጢራትና ስለ ቅዱሳን አማላጅነት በሰፊው ተወያይተው ቢሆን ኖሮ ስምምነቱ እንዲህ ባልቀለለ ነበር።

ወደ ወላይታ እንመለስ። በአበው ትውፊት መሠረት የክርስትና ዜና ወደዚህ ምድር የደረሰው በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ነው፤ ንጉሥ ሞተለሚ በገድላቸውም በወላይታ ቃል ታሪክም ይነሣል። ይሁን እንጂ በ1887 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመቻ ካዎ ጦና ከተማረኩ በኋላ ቤተ ክርስቲያን የተስፋፋችው ከነፍጠኛው ሰፈር ጋር ነበር። ገባሩ ካህኑንና ባለርስቱን በአንድነት አወቃቸው። ቅዳሴው በግዕዝ፣ ትምህርቱ በአማርኛ ሲሆን፣ ወላይትኛ ብቻ የምትሰማ እናት ጥምቀትን ብትቀበልም ትምህርቱን ሳታገኝ ቀረች። ሕዝቡ ግን ይጠማ ነበር። ከሚሲዮን አስቀድሞ ኤሳ ላሌ የተባለ የጋሞ ሰው ጣዖትን ትታችሁ ወደ አንዱ ፈጣሪ ጸልዩ እያለ አስተምሮ፣ ድምፁ እስከ ወላይታ ተሰምቶ ነበር።

በዶክተር ቶማስ ላምቢ የተመራው የሱዳን ኢንቴርየር ሚሽን ወላይታ የገባው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ሐኪምና መድኃኒት፣ ገንዘብም ነበረው። ሆኖም ከአምስት ዓመት ድካም በኋላ በ1933 መጀመሪያ ያጠመቃቸው 10 ሰዎች ብቻ ናቸው። በ1937 የፋሺስት ኢጣልያ ወራሪ ሚሲዮናውያኑን ሲያስወጣ የተጠመቁት 50 ያህል ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙም ገንዘቡም የለም። እንደ ዋንዳሮ ደባሮ ያሉ የአገሩ ሰዎች ታሰሩ፣ ተገረፉም፤ ሌሎቹ በእግራቸው ከመንደር መንደር እየዞሩ በወላይትኛ ያስተማሩ ሲሆን፣ ወደ ጎረቤት አገሮችም ተሻገሩ። ከነጻነት በኋላ የተመለሱት ሚሲዮናውያን የምእመናኑን ቁጥር ወደ 10 ሺህ ገምተውታል። እንግዲህ እንቅስቃሴው በእጅጉ ያደገው ፈረንጁ በሌለበት ዘመን ነው። በእኛ እምነት ይህ የገንዘብ ሥራ ሊባል አይችልም፤ ጎረቤት ለጎረቤቱ፣ ልጅ ለእናቱ በገዛ ቋንቋቸው መናገራቸው ያፈራው ነው።

በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ በተፈቀደላቸው አካባቢ የማስተማሪያ ቋንቋው አማርኛ እንዲሆን አዘዘ። ፊደል የቆጠረው የወላይታ ወጣትም የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ቻለ። ያን መጽሐፍ መጀመሪያ የተረጎመው ፈረንጅ አልነበረም። የጎጃም ተወላጅ የሆነው አቡ ሩሚ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በካይሮ ተቀምጦ 10 ዓመት ያህል የደከመበት ሥራ ነው፤ ሙሉው እ.ኤ.አ. በ1840 ታትሟል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እትም ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት የተሳተፉበት ነበር፤ በሶዶም በአብያተ ክርስቲያናትና በጸሎት ቤቶች በአንድ ዘመን የተነበበው ይኸው እትም ነው።