ከኦሎምፒክ ሜዳሊያ በኋላ በዓይን ጉዳት ጓንቱን የሰቀለው አንቶኒ ኦጎጎ

በፈረንጆቹ ኦክቶበር 25 ቀን 2025 በአቡ ዳቢ ያስ ደሴት በሚገኘው ኢትሃድ አሬና የዩኤፍሲ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኑ እንግሊዛዊ ቶም አስፒናል ከፈረንሳዊው ሲሪል ጋን ጋር ገጥሞ ነበር። የመጀመሪያው ዙር ሊያልቅ ሲል የጋን ጣቶች ዓይኑ ውስጥ ገቡ። አስፒናል የማገገሚያ ጊዜ ቢሰጠውም ማየት እንዳልቻለ ተናገረ፤ ፍልሚያውም ያለ አሸናፊ ተቋረጠ። ከተመልካቹ ግን የቅሬታ ጩኸት ተሰማ።

ያን ምሽት በአዳራሹ ከነበሩ ወይም በቴሌቪዥን ከተከታተሉ፣ “ትንሽ ቢታገስ ምን ነበረበት?” ብለው ይሆናል። ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የሚሆነው የአንድ ሌላ እንግሊዛዊ ተፋላሚ ታሪክ ነው። ሰውየው አንቶኒ ኦጎጎ ይባላል። ዓለም ገና በአማተርነቱ ያወቀው ቦክሰኛ ነበር፤ ፕሮፌሽናል ሕይወቱ ግን በ12 ግጥሚያዎች ብቻ ተቋጨ።

ከሎውስቶፍት እስከ ለንደን

ኦጎጎ በፈረንጆቹ 1988 በምሥራቅ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ ሎውስቶፍት ተወለደ። አባቱ ናይጄሪያዊ፣ እናቱ እንግሊዛዊት ናቸው። በ2005 በሊቨርፑል በተካሄደው የታዳጊዎች የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ሲያጠልቅ ዕድሜው ገና 16 ነበር። በ2010 በሕንድ ዴልሂ በተካሄደው የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ደግሞ በመካከለኛ ሚዛን የብር ሜዳሊያ አገኘ።

የ2012 የለንደን ኦሎምፒክ ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት እናቱ በድንገተኛ የአንጎል ደም መፍሰስ ሆስፒታል ገቡ። ኦጎጎ በሆስፒታልና በልምምድ መካከል እየተመላለሰ ለውድድሩ ደረሰ።

በለንደን በ75 ኪሎ ግራም የገጠመው ዩክሬናዊው ዬቭገን ኪትሮቭ የወቅቱ የዓለም ሻምፒዮን ነበር። ሁለቱ 18 ለ 18 እኩል ወጡ። አሸናፊው የተለየው ዳኞቹ በተናጠል የሰጡት ነጥብ ተቆጥሮ ሲሆን፣ ዕድሉ ለኦጎጎ ሆነ። በሩብ ፍጻሜ ጀርመናዊውን ስቴፋን ሄርተልን ካሸነፈ በኋላ በግማሽ ፍጻሜ በብራዚላዊው ኤስኪቫ ፋልካኦ ተረታ። የነሐስ ሜዳሊያውን ይዞ ከሪንግ ሲወርድ ግን በአገሩ ስሙን የማያውቅ የቦክስ ወዳጅ አልነበረም።

ፕሮፌሽናል ቦክስ ሌላ ዓለም ነው

በአማተር ቦክስ የወንዶች ግጥሚያ 3 ዙር፣ እያንዳንዱም 3 ደቂቃ ነው። ኦጎጎ ለንደን ላይ ሲወዳደር ቦክሰኞች የራስ መከላከያም ያደርጉ ነበር። በፕሮፌሽናል ቦክስ ግን የራስ መከላከያ የለም፤ ለሻምፒዮና ግጥሚያ 12 ዙር ይጠብቃል። በአማተርነቱ ፈጥኖ ነጥብ የሚሰበስብ ሰው በፕሮፌሽናል መድረክ በአጥንትና በጅማቱም መጽናት አለበት።

ኦጎጎ የኦስካር ዴላሆያ ድርጅት ከሆነው ጎልደን ቦይ ጋር ተፈራርሞ በኤፕሪል 2013 የመጀመሪያውን ግጥሚያ አደረገ። በሚቀጥሉት ዓመታት 11 ጊዜ ገጥሞ 11 ጊዜ አሸነፈ። ሰውነቱ ግን አልታዘዘውም። ትከሻው ገና በአማተርነቱ ሲያስቸግረው የቆየ ሲሆን፣ አሁን ደግሞ የተረከዙ ጅማት ተጎድቶ ለረጅም ጊዜ ከሪንግ አራቀው።

በኦክቶበር 2016 በበርሚንግሃም ከአገሩ ልጅ ክሬግ ከኒንግሃም ጋር ገጠመ። ግምቱ ሁሉ ለኦጎጎ ነበር። ከ8ኛው ዙር በኋላ ግን መቀጠል አልቻለም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሸነፈ። የዓይኑ ጉድጓድ አጥንት ተሰብሮ ነበር። ማንም እንዲያ ይሆናል ብሎ አላሰበም እንጂ ያ የመጨረሻው ግጥሚያው ነበር።

ስሱ አጥንት

የዓይን ኳስ የሚያርፍበት የአጥንት ጉድጓድ በዙሪያው ጠንካራ ነው፤ ወለሉ ግን እጅግ ስስ ሲሆን ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያንሳል። ቡጢ ፊት ላይ ሲያርፍ ግፊቱ ወደ ውስጥ ይተላለፋል፤ መጀመሪያ የሚሰበረውም ይህ ወለል ነው። ዓይንን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ በስንጥቁ ሊያዝ ይችላል። ያኔ ሁለቱ ዓይኖች አብረው መዞር ያቅታቸውና ሰውየው አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያያል።

ይህ ለቦክሰኛ ምን ማለት እንደሆነ ለመገመት አንድ ዓይንዎን ጨፍነው ብርጭቆ ውስጥ ውኃ ለመቅዳት ይሞክሩ። ርቀት ይጠፋብዎታል። ቦክሰኛ ደግሞ የሚኖረው በርቀት ነው፤ ቡጢ የሚያመልጠውም የሚያሳርፈውም በጣት ስፋት ልዩነት ነው።

ኦጎጎ ተደጋጋሚ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ከሁለት ዓመት በላይ ቢጠብቅም ዓይኑ ለሪንግ የሚበቃ አልሆነም። በማርች 2019 ከቦክስ መሰናበቱን ሲያስታውቅ ገና 30 ዓመቱ ነበር።

ያው አጥንት፣ ሌላ ዕጣ

ከኦጎጎ ጉዳት አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በሴፕቴምበር 2016፣ ሌላው እንግሊዛዊ ኬል ብሩክ በለንደን ከጌናዲ ጎሎቭኪን ጋር ሲጋጠም ይኸው አጥንት ተሰብሮበታል። አሰልጣኙ በ5ኛው ዙር ፎጣ ወርውሮ ግጥሚያውን አስቆመው። ብሩክ በቀዶ ጥገና ታክሞ ተመለሰ። በሜይ 2017 ከኤሮል ስፔንስ ጋር ሲገጥም የሌላኛው ዓይኑ ጉድጓድ ተሰበረ። ያም ሆኖ በ2022 አሚር ካንን እስኪያሸንፍ ድረስ በሪንግ ቆይቷል።

አሜሪካዊው ሹገር ሬይ ሊዮናርድም ምሳሌ ነው። የ1976 የሞንትሪያል ኦሎምፒክ የወርቅ ባለቤቱ በ1982 የዓይኑ ሬቲና ተላቆ በቀዶ ጥገና ታከመ፤ በዚያው ዓመት ቦክስ ማቆሙን አወጀ። በኋላ ተመልሶ በ1987 ማርቪን ሃግለርን አሸነፈ።

የለንደኑን ውድድር ወርቅ የወሰደው ጃፓናዊው ርዮታ ሙራታ ደግሞ በ2017 በፕሮፌሽናልነት የዓለም ቀበቶ አጥልቋል። ሙራታ በ2011 የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ የተሸነፈው በኪትሮቭ ነበር፤ ኦጎጎ በለንደን በረታው በዚያው ሰው። ስለዚህ ኦጎጎ ከእነዚህ ጎራ የጎደለው ችሎታ አንሶት ነው ማለት አይቻልም። ያነሰው የጤና ዕድል ነው። ጉዳት የሚመርጠው ሰው የለም፤ ደካማውንም ባለተሰጥኦውንም እኩል ይጎበኛል።

ኦጎጎ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በዚያው በ2019 ኦል ኤሊት ሬስሊንግ ከተባለው የአሜሪካ የነጻ ትግል ድርጅት ጋር ፈርሞ አዲስ ሙያ ጀመረ።

ለእርስዎስ?

በአቡ ዳቢም ሆነ በአል ዐይን ከሥራ በኋላ ጓንት አጥልቀው የሚለማመዱ ወገኖቻችን አሉ። አዲስ አበባ ያለ ታናሽ ወንድምዎም ይህንኑ ስፖርት ወዶት ይሆናል። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ያገኘችው ሜዳሊያ ሁሉ ከአትሌቲክስ ነው፤ የቦክስ ልጆቻችን ገና መንገድ ላይ ናቸው። ያ መንገድ በአጉል ጀግንነት እንዳይቆረጥ መጠንቀቅ ይገባል።

አል ዐይን የሚለው የከተማው ስም በዐረብኛ ዓይንም ምንጭም ማለት ነው። ዐረቦች የሚወዱትን ሰው “ዐይኒ” ይሉታል፤ እኛም “ዓይኔ” እንላለን፣ ውድ ነገርንም “እንደ ዓይን ብሌን” እንጠብቃለን። በሁለቱም ቋንቋ እንዲህ የምናከብረውን ዓይን ግን በሪንግ ዙሪያ ስንቀመጥ እንረሳዋለን፤ የተጎዳው ሰው “አላይም” ሲል ፈሪ እንለዋለን።

በልምምድ ወይም በግጥሚያ ፊትዎን ከተመቱ በኋላ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየዎት፣ ወደ ላይ ማየት ካቃተዎት፣ ጉንጭዎ ወይም የላይኛው ከንፈርዎ ከደነዘዘ ልምምዱን ወዲያው ያቁሙ። አፍንጫዎን በኃይል አይናፈጡ፤ አየር በስብራቱ በኩል ወደ ዓይን ጉድጓድ ሊገባ ይችላል። የብርሃን ብልጭታ፣ ድንገት የበዙ ተንሳፋፊ ጥቁር ነጠብጣቦች ወይም በዓይን ላይ እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ የሬቲና መላቀቅ ምልክቶች ናቸው፤ ይህ በሰዓታት ውስጥ ሐኪም የሚፈልግ ጉዳይ ነው። በኤምሬትስ የአምቡላንስ ስልክ ቁጥር 998 ነው።

አሰልጣኝ ከሆኑ ደግሞ ልጁ በየዙሩ መካከል ሲቀመጥ ጣትዎን አሳይተው “ስንት ነው?” ብለው ይጠይቁት። ከተጠራጠሩ ፎጣውን ይወርውሩ። የተሸነፈ ግጥሚያ በሚቀጥለው ወር ሊመለስ ይችላል።