አልጋ ስንት ነው? ለማን?

እዚህ ሌክ ሲቲ ሐበሻ ቡና የሚጠጣበት ቤት ቁጭ ብላችሁ «ጎንደር ስትሄዱ የት ታርፋላችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ መልሱ ያው ነው፤ ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ያለው ሆቴል። እይታው ያምራል፣ ምንም አይወጣለትም። እኔ ግን የነርስ ደመወዝተኛ ነኝ፤ ደግሞም የልጅነት ከተማዬን እንደ ካርታ ከላይ ማየት አልፈለግኩም።

የሄድኩት ጥር 2014 ዓ.ም. ነው። ለገና አንድ ሚሊዮን ሰው ወደ አገር ቤት ይግባ ተብሎ የተጠራንበት ጊዜ፣ ታስታውሱታላችሁ። ገናን አዲስ አበባ ውዬ ለጥምቀት ጎንደር ገባሁ። ከአዘዞ በታክሲ ፒያሳ ወርጄ አንድ መካከለኛ ሆቴል ገባሁና «አልጋ ስንት ነው?» አልኩ።

«800 ብር፣ ጋሼ።»

በጥምቀት ሰሞን ዋጋ መጨመሩ ያለ ነው፤ ተስማማሁ። መታወቂያ ሲለኝ ሰማያዊውን ፓስፖርት ሰጠሁት። ገለጠ፣ አየኝ፣ እንደገና ገለጠ። «ይቅርታ ጋሼ፣ ለውጭ ዜጋ 40 ዶላር ነው።» በጊዜው ምንዛሪ ወደ 2000 ብር መሆኑ ነው። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬን አወጣሁ፤ ቢጫ ካርድ የምንለውን። ልጁ አገላብጦ አይቶ «ይሄ ለኤርፖርት ነው» አለኝ።

ለኤርፖርት አይደለም። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ካርዱን የያዘ ሰው መምረጥና መመረጥ እንደማይችል፣ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ ሥራ እንደማይቀጠር ይናገራል። ከዚያ ውጭ ግን በኢኮኖሚ፣ በማኅበራዊና በአስተዳደር አገልግሎቶች የውጭ ዜጋ ላይ የሚጣል ገደብ አይመለከተውም ይላል። ሆቴል በስሙ አልተጠቀሰም፤ መንፈሱ ግን ግልጽ ነው። ይህን ሁሉ ለልጁ ማስረዳት አልሆነልኝም። እሱም ተቀጣሪ ነው፤ ዋጋውን ያወጣው ሌላ ሰው ነው።

የባጃጅ ሹፌር ነው ከጃንተከል ዋርካ ጀርባ ያለች አንዲት ፔንሲዮን ያደረሰኝ። ባለቤቷ እናቴን የሚያክሉ ሴት ናቸው። ፓስፖርቱን ሳቀርብላቸው የገለጡት ስሜን ለማንበብ ብቻ ነው። «ስምህ የእኛው ስም አይደለም እንዴ ልጄ? 500 ብር ነው። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፤ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣ።»

ውሃው የምር በፈረቃ ነበር። የጎንደርን ሰው ስለ አንገረብ ግድብና ስለ ደለሉ ብትጠይቁት ሲያወራ ያመሻል። ክፍሌ ጥግ ላይ ቢጫ ጀሪካንና አንድ ጣሳ ተቀምጠዋል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ አንድ ባልዲ ሙቅ ውሃ በሬ ላይ ይቀመጥልኛል። ፍራሹ መሐሉ ሰምጧል። ግን ሌሊት የእልፍኝ ጊዮርጊስ ነው የግምጃ ቤት ማርያም፣ የአንዱ ቅዳሴ ድምፅ በመስኮት ይገባል። በሩን ከፍቼ ጥቂት ስራመድ 900 ሜትር የሚረዝመው የግቢው አጥር አጠገብ ነኝ። ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማውን የቆረቆረበት፣ ኢያሱና መንትዋብ የየራሳቸውን ግንብ የጨመሩበት ግቢ፣ ጎረቤቴ ሆኖ ሰነበተ። ከተራ ዕለት ታቦታቱን አጅቤ እስከ ቀሃ በእግሬ ወረድኩ፤ ማታም በእግሬ ተመለስኩ።

ግንቡ መግቢያ ላይም ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ዋጋው ይለያያል። እሱ አይከፋኝም፤ ቅርሱን ሲጠብቅ የኖረው የአገሬው ሰው ነው። አልጋ ግን አልጋ ነው። ፍራሹ ለእኔ ተብሎ አይወፍርም፣ ውሃውም ለእኔ ተብሎ አይመጣም። አዎ፣ ዶላር ይዘን ሄደን በባጃጅ ሒሳብ የምንነታረክ አለን፤ ትዝብቱ ይገባናል። ቢሆንም «ና» ተብሎ ተጠርቶ የሄደ ሰው በሩ ላይ ፈረንጅ ሲባል ከገንዘቡ በላይ ቃሉ ነው የሚያመው።

ሥራ ቦታ አንድ ኢራናዊ ባልደረባ አለኝ፤ የያዝድ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የተመዘገበችው ያቺ አሮጌ የጭቃ ከተማ ውስጥ፣ የጥንት ነጋዴ ቤቶች መሐል ግቢያቸውና የውሃ ገንዳቸው እንዳለ ሆኖ ርካሽ ማረፊያ ሆነዋል ይለኛል። እንግዳው ቅርሱ ውስጥ ያድራል፤ ገንዘቡም ሰፈሩ ውስጥ ይቀራል። የእኛ ግንብ ከእነሱ ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1979 ነው የተመዘገበው። በዙሪያው ያየሁት አዲስ ሆቴል ግን አብዛኛው መስታወት በመስታወት ነው። እንደ እሳቸው ያለችውን ፔንሲዮን ማንም ለዳያስፖራ አያስተዋውቅም፤ እኛም አንጠይቅም።

ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ ጦርነቱ መጣ። ግንቡ ታድሶ ያምራል፣ በቪዲዮ አይቻለሁ። ባለፈው ፋሲካ ለሴትየዋ ደወልኩላቸው። እንግዳ ስለጠፋ ክፍሎቹን በወር ለሚከፍሉ ተከራዮች ሰጥተዋል።

«ያንተን ክፍል አንዲት አስተማሪ ይዛዋለች» አሉኝ። «ፍራሹን ግን ቀይሬዋለሁ።»