ብሎክቼን ለገበሬው ደብተር ይበጃል?

ብሎክቼን ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ቢትኮይንን ነው። ገንዘቡን ለጊዜው እንተወው። ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ሰው የሚቀርበው ከሥሩ ያለው የመዝገብ አያያዝ ነው።

መዝገቡ አንድ ቢሮ ውስጥ ብቻ አይቀመጥም፤ ቅጂው በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ይያዛል። አዲስ የሚጻፈው ሁሉ ከቀደመው ጋር እንደ ሰንሰለት ስለሚተሳሰር፣ አንዱ የድሮውን ልደልዝ ቢል ከሌሎቹ ቅጂዎች ጋር አይገጥምለትምና ይነቃበታል።

እስቲ የመሬት ይዞታ ደብተርን እንውሰድ። የአማራ ክልል ይህን ደብተር ለገበሬው ማደል የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ገደማ ነው። የባልና የሚስት ፎቶ አንድ ላይ ተለጥፎበታል፤ ማሳው በየአቅጣጫው ከማን ጋር እንደሚዋሰንም ተጽፎበታል። ኋላ የመጣው ሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ ከላይ በተነሣ ፎቶ ላይ የተመሠረተ ካርታ ጨመረ፤ መረጃውም ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ይህን ወደ ብሎክቼን ማዛወር እንደ እኔ አያስቸኩልም። ብሎክቼን የተጻፈውን ይጠብቃል እንጂ እውነት ይሁን ሐሰት አይለይም። ወሰን ተገፍቶ ከተመዘገበ የተገፋውን ወሰን ነው አጥብቆ የሚይዘው። ድንበሩን የሚያውቁት አዋሳኙ፣ ሽማግሌውና የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ናቸው። ውርስና ፍቺም አለ፤ ፍርድ ቤት ሲወስን መዝገቡ መከተል አለበት።

እንደ ሥራው የሚገጣጠም ብሎክቼን የሚባለው አዲሱ አካሄድ ለእንዲህ ያለው ጣጣ ሊረዳ ይችላል። ቀድሞ አንዱ ሰንሰለት መጻፉንም፣ ማረጋገጡንም፣ ማስቀመጡንም ጠቅልሎ ይሠራ ነበር። በዚህ አካሄድ ሥራዎቹ ይነጣጠላሉ፤ ማን ይጻፍ፣ ማን ያንብብ፣ ዝርዝሩስ የት ይቀመጥ የሚለው እንደየጉዳዩ ይወሰናል። የሰው ገመና ቢሮው ዘንድ ይቀራል፤ ሰንሰለቱ ላይ የሚወጣው ከሰነዱ የተሰላ አጭር ኮድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሰነዱ አንድ ፊደል ቢነካ ኮዱ ይለወጣል። ማስተካከያ ሲመጣ ደግሞ የድሮው ሳይጠፋ አዲሱ በማን ትእዛዝ እንደመጣ ይመዘገባል።

ለዚህ አሠራር ከመሬት ይልቅ የትምህርት ማስረጃ ይቀላል። ትምህርት ሚኒስቴርና ኢንፑት አውትፑት የተባለው ኩባንያ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ካርዳኖ በተባለው ብሎክቼን የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን ውጤት ለመመዝገብ መስማማታቸውን አስታውቀው ነበር፤ በ3,500 ትምህርት ቤቶች። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ቡሬ የተማረች ልጅ ባሕር ዳር ሥራ ስታመለክት፣ ቀጣሪው ማስረጃዋ እውነተኛ መሆኑን ለማጣራት ደብዳቤ ጽፎ መልስ መጠበቅ አይኖርበትም። እዚህ ላይ የሚያከራክር ወሰን የለም፤ ውጤቱን የሰጠው ትምህርት ቤት ይታወቃል፣ ፊርማውም የእሱ ነው።

ኔትወርክስ? በ2015 ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን እንደሚመስል ሁሉም አይቶታል። ሁሉን ነገር ከሰንሰለቱ ላይ ካልጠየቀ የማይሠራ ሥርዓት እንዲያ ያለ ቀን ይቆማል። በአውጪው ዲጂታል ፊርማ የታሰረ ማስረጃ ግን፣ የአውጪው የማረጋገጫ ቁልፍ ቀድሞ ስልኩ ላይ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔትም ይረጋገጣል፤ ማስረጃው በኋላ ተሰርዞ እንደሆነ ለማወቅ ግን መስመር እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ነው።