ዕዳህ አልቋል? ማን መሰከረልህ?

በሬዲዮ ያቀረብነውን ትምህርት እነሆ በጽሑፍ አቅርበንልሃል። ረጋ ብለህ አንብበው፤ ማንበብ ለማይችል ጎረቤትህም አንብብለት።

ጋይንት ቤተ ልሔም ሲባል የአገሩ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የድጓው ምስክር ቤት ነው። ተማሪው በየአገሩ ዞሮ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ስንት ዓመት ደክሞ ድጓውን ቢያጠና እንኳ ቤተ ልሔም ሄዶ ካላስመሰከረ ጨረሰ አይባልም። ማወቁ ብቻ አይበቃም፤ ማወቁ መመስከር አለበት።

ዕዳም እንዲሁ ነው ወዳጄ። ከፍሎ መጨረስ አንድ ነገር ነው፤ መጨረሱን ማስመስከር ደግሞ ሌላ።

እስቲ አንድ ገበሬ አስብ። ከስማዳ ይሁን ከእስቴ። ከጎረቤቶቹ ጋር በቡድን ተዋውሶ 30,000 ብር ተበደረ። ዝናቡ ከዳውና አዝመራው ጠፋ። ወለድና ቅጣት ተደማምሮ ዕዳው 41,000 ብር ገባ። ሄዶ ተለማመጠ። ሠራተኛውም፣ “ዋናውን ገንዘብ ባንድ ጊዜ ካመጣህ ሌላው ይቀርልሃል” አለው። ሰውየው በሬውን ሸጠ፣ 30,000 ብሩን ቆጥሮ ሰጠ፣ “እግዜር ይስጥልኝ” ብሎ ቤቱ ገባ። ከዓመት በኋላ ያ ሠራተኛ ተዛውሯል። አዲሱ መዝገቡን ገለጠና “11,000 ብር ቀሪ አለብህ” አለው። ዋሶቹም ተጠሩ። በሰንበቴና በእድር አብረው የሚበሉ ሰዎች ተኳረፉ።

ማን ዋሸ? ምናልባት ማንም አልዋሸም። ምሕረቱ በአፍ ተነገረ፤ መዝገቡ ግን እንደ ነበረ ቀረ። አባቶቻችን “በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ያሉት ለዚህ እኮ ነው!

በክልላችን ገጠር የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሕዝቡ “አብቁተ” የሚለው፣ ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው፣ መያዣ ለሌለው ገበሬ በቡድን ዋስትና ሲያበድር ኖሯል። የዚህ ዓይነት ብድር ብዙ ጎጆ አቅንቷል። ነገር ግን ካንተ ጋር የፈረሙት ሰዎች ባንድ ገመድ ታስረዋል። ያንተ ክርክር የእነርሱም ክርክር ነው። ስለዚህ ከማንም ተበደር፣ የአገሪቱን ሕግ ጥቂት ማወቅ ይገባሃል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ነው ይላል። መልሼ ከፍያለሁ ለሚል ሰውም ይኸው ነው። “እገሌ አይቷል” ብትል አይበቃህም። በሌላ በኩል ቁጥር 3312 የሚያጽናና ነገር አለው፦ ተከራካሪዎች በስምምነት የጨረሱት ጉዳይ በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይጸናል። ስምምነቱ መኖሩን ማስረዳት ከቻልክ አንተን ደግሞ መጠየቅ አይቻልም ማለት ነው።

እንግዲህ “ቀሪ አለብህ” ብትባል ምን ታደርጋለህ?

አንደኛ፣ አትቆጣ፤ ዝም ብለህም አትፈርም። ቁጥር 1851ን አስብ። ዕዳውን ካመንክ፣ ለምሳሌ ከላዩ ጥቂት ብትከፍል፣ የይርጋው ዘመን እንደገና ከአንድ ይቆጠራል። ጠቅላላው የይርጋ ዘመን 10 ዓመት ነው። “ለጊዜው ትንሽ ልክፈልና ይተዉኝ” ማለት ያልነበረብህን ዕዳ እንዳመንክ ሊያስቆጥርብህ ይችላል።

ሁለተኛ፣ የሂሳቡን ዝርዝር ጠይቅ። ዋናው ስንት፣ ወለዱ ስንት፣ ቅጣቱ ስንት፣ በየትኛው ቀን ምን ገቢ ሆነ? ደረሰኞችህን በቀናቸው ደርድርና አስተያይ። ብዙ ጊዜ ጠቡ ያለው አንድ መስመር ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ አቤቱታህን በጽሑፍ አድርግ። ሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱን ስጥ፤ ሌላው ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ማኅተም አስደርገህ ያዝ። ቅርንጫፉ ካልመለሰልህ ዋናው መሥሪያ ቤት አለ። ባንኮችንና የብድር ተቋማትን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክም አለ። የመጨረሻው ፍርድ ቤት ነው።

አራተኛ፣ በሽማግሌ ብትታረቅም እርቁ ወረቀት ላይ ይስፈር። ጠቅላላው ዕዳ፣ የምትከፍለው፣ የተማረልህ፣ የመክፈያው ቀን ይጻፍ፤ “ይህ ሲከፈል ዕዳው ሙሉ በሙሉ ያልቃል፣ ዋሶቹም ነጻ ይወጣሉ” የሚል ቃል ይግባበት። መፈረም ያለበት ሥልጣን ያለው ሰው ነው። ወረቀቱን ሳትይዝ ብሩን አትቁጠር! ከፍለህም ስትጨርስ ደረሰኙን፣ ከዕዳ ነጻ መሆንህን የሚገልጸውን ክሊራንስ፣ የያዙብህ ሰነድ ካለም እርሱን ተቀበል።

በአሜሪካ ላሉ ልጆቻችንም ነገሩ ያው ነው። በዚያ ብዙ ሰው የሚታሰረው በክሬዲት ካርድ ነው። ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት “ግማሹን ክፈልና ይብቃ” ይልና ቀሪውን በኋላ ሌላ ድርጅት ይጠይቃል። በ1977 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የዕዳ አሰባሰብ ሕግ፣ ሰብሳቢው ማስታወቂያ ከላከልህ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ከተከራከርክ፣ ማረጋገጫ እስኪልክልህ መሰብሰቡን እንዲያቆም ያዛል። በስልክ መጮህ ይህን መብት አያስገኝም። ደግሞም የተሰረዘልህ ዕዳ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ግብር ሊጠየቅበት ይችላልና ቀድመህ አስብበት።

ምናልባት፣ “አማኝ ሰው ወረቀት ወረቀት ማለት አለማመን አይሆንበትም?” ትል ይሆናል። አይሆንም ወዳጄ! ኤርምያስ ምዕራፍ 32ን አንብብ። ነቢዩ ከዘመዱ መሬት ሲገዛ ብሩን መዝኖ፣ ውሉን ጽፎ፣ አትሞ፣ ምስክር አቁሞ፣ ሰነዶቹን ብዙ ዘመን እንዲቆዩ በሸክላ ዕቃ አስቀመጣቸው። ከተማይቱ ተከባ ሳለ እንኳ! ጳውሎስም ለፊልሞና ሲጽፍ የአናሲሞስን ዕዳ እኔ እከፍላለሁ ብሎ በገዛ እጁ አሰፈረው። ወረቀት የፍቅር ጠላት አይደለም፤ ነገ ወንድምህን ሐሰተኛ ከማለት ይጠብቅሃል።

አሁን ግን ወደ ልብህ ልመለስ። ዝርዝሩን አይተህ ዕዳው በእውነት ያንተ ሆኖ ብታገኘውስ? ደረሰኝ ጠፋባቸው ብለህ፣ ይርጋ አለፈ ብለህ ልትሸሽ ነው? ሕጉ ሊያስመልጥህ ይችላል፤ ኅሊናህ ግን አይለቅህም። ዋስ የሆነልህ ጎረቤት በሬውን ሲሸጥ እያየህ እንዴት ትጸልያለህ? ሂድ፣ ጊዜ ስጡኝ በል፣ ቀስ በቀስ ክፈል። ጌታም በማቴዎስ 5፥25 ከባላጋራህ ጋር ዳኛ ፊት ሳትደርስ በመንገድ ታረቅ ያለው ይህንኑ ነው።

አበዳሪም ብትሆን ስማኝ። በአፍህ የማርከውን በመዝገብህ ሰርዘው። በአፍ ተምሮ በመዝገብ የሚቆይ ዕዳ ምሕረት አይደለም፤ ወጥመድ ነው። እግዚአብሔር ሲምረን እንዲህ አላደረገም። ቆላስይስ 2፥14 እንደሚያስተምረን፣ የሚከሰንን የዕዳ ጽሕፈት ራሱን ደምስሶ ከመንገድ አስወገደው እንጂ።

ወዳጄ፣ ዛሬ ማታ ሳጥንህን ክፈት። ደረሰኞችህን አውጣና ለሚስትህ አሳያት፣ ለልጅህም ንገረው፤ አንቺም እኅቴ እንዲሁ አድርጊ። የጎደለ ወረቀት ካለ ሠራተኛው ሳይዛወር፣ ምስክር ሳይሞት፣ ነገ ሂደህ ጠይቅ። ከፍለህ ከሆነ አስመስክር፤ ካልከፈልክ ክፈል። ጌታ ይባርክህ።